ሁለት ቀን ከወረቀቱ፣ አንድ ቀን ከአገጬ

ቀን፦ ሐሙስ፣ መጋቢት 13

ለከተማው የስፖርት ማዘውተሪያ ቦታዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
በእጅ የሚሰጥ፤ በመዝገብ ቤት በኩል የማያልፍ

ጉዳዩ፦ ጸጉራቸውን በሌዘር ያስነሱ ደንበኞች ሦስት ቀን ስቲም እንዳይገቡ በመከልከሌ ከሥራ ቦታዬ መነሳቴን ይመለከታል

ክብርት ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በጽሕፈት ቤትዎ ሥር ባለው የሴቶች ጂም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፎጣ ያደልኩ፣ የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ሁሉም ስቲም የሚለውን ክፍል፣ ቁልፍ በሽርጤ ኪስ ይዤ በሩን የጠበቅኩ ሠራተኛ ነኝ። ደንበኞች እትዬ ፎጣ ይሉኛል። በደል ስለደረሰብኝ ነገሩን ከሥሩ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ ባሌ በሞተ በዓመቱ፣ ለልጆች በተሠራ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ይጋጭ ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ማዘን የነበረባቸው ሰዎች ጊዜው አልፎባቸዋል። የምጽፈው ከስቲሙ በር የተነሳሁበት ምክንያት ማንበቤ ስለሆነ ነው።

2. የሌዘር ቤቶች ጸጉር ካነሱ በኋላ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ ወረቀት ይሰጣሉ። ከላይ ስሟ፣ ቀኑና ሰዓቱ አለ። ቀጥሎ የሰው ሥዕል አለ፤ የተነሳው ቦታ በእስክሪብቶ ይከበባል። ከሥር ምክሩ ተጽፏል። ሴቶቹ ወረቀቱን ይዘው ቀጥታ ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ልብስ ሲቀይሩ ከቦርሳቸው አውጥተው ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል። እኔ ደግሞ ቅርጫቱን ስደፋ አነባለሁ።

ሰው የተጻፈለትን ሳያነብ ሲጥል ደሜ ይፈላል። ባሌ የእህቴን ደብዳቤዎች ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያነብልኝ ኖረ። ሁሌም «ደህና ነኝ፣ ሁላችሁም ሰላም ሁኑ ብላለች» ነበር። ማንበብ የቻልኩ ጊዜ ከሻንጣ አወጣኋቸው። በአንዱ ላይ «ታምሜያለሁ፣ ሳልሞት ነይ» ይላል። እራቱን የሚያቀርብለት እንዳያጣ ብሎ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ዛሬ የሚጠየቅ የለም። ወደ ጉዳዩ ልመለስ።

3. ወረቀቱ ከባድ ነገር አይጠይቅም። የተነካው ቆዳ ትኩስ ስለሆነ አርባ ስምንት ሰዓት የሚያልብ ስፖርት፣ ስቲም፣ የሞቀ ሻወርና ክሎሪን ያለበት ገንዳ ይቅር ይላል። የሚፋተግ ጠባብ ልብስ ይቅር፤ ሰፋ ያለ ጥጥ ይለበስ። ብብት ከሆነ ዲኦዶራንት አይቀባ። አይታከክ፣ አይፈተግ፣ በወረንጦ አይነቀል። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ይያዝበት፤ ሽታ የሌለው ቅባት ወይም የእሬት ጄል ይቀባ። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ከሆነ ለሳምንታት የፀሐይ መከላከያ ክሬም አይለየው። ውሃ ከቋጠረ ወደ ባለሙያዋ ይመለሱ። ቀስ ብሎ በእግር መሄድ ይቻላል። ይኸው ነው። ሻይ እስኪበርድ ተነቦ ያልቃል።

4. ስለዚህ ወረቀቷን የጣለች ሴት የስቲም ቁልፍ ስትጠይቀኝ አልሰጥም። ቃል አልናገርም፤ የቀሯትን ቀኖች በጣቴ አሳያለሁ። መጀመሪያ ተቆጡ፣ ኋላ ለመዱት። «እትዬ ፎጣ፣ ዛሬ ስንት ጣት ነኝ?» ይሉኝ ጀመር። አንዲት የባንክ ሠራተኛ «ኧረ እኔ በምላጭ ነው የተላጨሁት፣ ልጆቼን!» ብላ ማለችልኝ። ልጅ የላትም። ተናዳ ሄደችና ብብቷን ዲኦዶራንት ለቅልቃ ሌላ ጂም ስቲም ገባች፤ በማግስቱ ሁለት ክንዷን ፀሐይ እንደሚሞቅ አሞራ ዘርግታ ተመለሰች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእሷ ነው።

5. ወረቀቱ ሁለት ቀን ካለ ሦስት ጣት ከየት መጣ ብለው ሊጠይቁኝ ይችላሉ። ሦስተኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ባለፈው ዓመት ሴት ልጄ «እማዬ፣ ያንን ጢም አንድ ነገር እናድርገው» ብላ ሌዘር ቤት ወሰደችኝ። አገጬ ላይ አሥራ አንድ ጸጉር ነበረኝ፤ ሰባት ጥቁር፣ አራት ነጭ። ባለሙያዋ ጨረሩ ጥቁሩን እንጂ ነጩን አያየውም አለችኝ። አልገረመኝም። እኔንም ከሸበትኩ ወዲህ የሚያየኝ የለም። ሁለቱን ቀን እንደ ወረቀቱ ከስቲሙ በር ርቄ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድኛለሁ ብዬ ከማድረቂያው የወጣ ትኩስ ፎጣ እስከ አገጬ ታቅፌ ደረጃ ወጣሁ። አገጬ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነደደ፤ ሳምንት ሙሉ ቀልቶ ከረመ። እንግዲህ ሁለት ቀን ከወረቀቱ፣ አንድ ቀን ከአገጬ ነው። አራቱ ነጮች ዛሬም በቦታቸው አሉ።

6. ሰኞ መጋቢት 3 ቀን አሰልጣኟ ከሌዘር ቤት ቀጥታ ወደ ሥራ መጣች። ፊሽካ ከአንገቷ ስለማይወርድ ፊሽካ እንላታለን። ወረቀቷ ከቅርጫት ተገኘ። ክቡ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፤ ቦታውን የምጠቅሰው ራሷ በክሷ ላይ ስለጠቀሰችው ነው። ደም ሥር የሚያንቅ ታይት ለብሳ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘለለች፣ አዘለለች። ከዚያ ላቧ እየተንጠባጠበ መጥታ ለቁልፍ እጇን ዘረጋች። ሦስት ጣት አሳየኋት።

«እትዬ፣ ስለ ሰውነት እኔን ልታስተምሪኝ ነው? አንቺ ፎጣሽን ቁጠሪ!» አለችኝ።

«ቆጥሬያለሁ የኔ ልጅ፤ ሦስት ነው» አልኳት።

ሄዳ ሥራ አስኪያጁን ጠርታ በትርፍ ቁልፍ አስከፈተች። ማክሰኞ ሁለቱ እግሮቿ ሽፍ ብለው፣ እንደተነጨ ዶሮ ቀልተው መጣች። ሥራ አስኪያጁ «ምን ነካሽ?» ሲላት «ፎጣው ነው» አለችው። አህያውን ፈርታ ዳውላውን መታች።

7. ረቡዕ መጋቢት 5 ቀን የቅጣት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሥራ አስኪያጁ ጊዜ ላለማባከን ብሎ ራሱ ያነብልኝ ጀመር። ሲጨርስ ተቀበልኩትና ደግሜ አነበብኩት። አንድ መስመር ዘሎ ነበር፤ «በአሥር ቀን ውስጥ ለበላይ ኃላፊ አቤት ማለት ይቻላል» የሚለውን። ይኸው በስምንተኛው ቀን አቤት ብያለሁ። ለሦስቱ ክሶች መልሴ የሚከተለው ነው።

ሀ) ፎጣዋ ሽፍታ አስይዟል ለተባለው፦ በዚያ ቀን አርባ ሁለት ሴቶች በአንድ ማሽን፣ በአንድ ሳሙና በታጠበ ፎጣ ተጠራርገዋል። ሽፍ ያለባት አንዷ ናት፤ ያውም ከጉልበት በታች ብቻ። ፎጣዬ ከአርባ ሁለት ሴት አንዷን፣ ከአንዷም ሌዘር የነካትን ቦታ ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ አሰልጣኝ ተብሎ ይቀጠርልኝ።

ለ) የደንበኛ ገመና ታወጣለች ለተባለው፦ ከአፌ የወጣ ገመና የለም። ጣቴን ማንሳቴ ግን ልክ አልነበረም፤ የጣቱን ትርጉም ሁሉም አውቆት ነበር። በዚህ ጥፋተኛ ነኝ። ወደፊት በዓይኔ እጠቅሳለሁ።

ሐ) ያለ ሥልጣን ማስታወቂያ ለጥፋለች ለተባለው፦ እውነት ነው። ማስታወቂያው እንዲህ ይል ነበር፦ «ጸጉርሽን በሌዘር ካስነሳሽ ሦስት ቀን ስቲም የለም። አትዝለይ። አትታከኪ። ታይትሽን አውልቀሽ ሰፊ ልበሽ። መንቀሳቀስ ካማረሽ ቀስ ብለሽ በእግርሽ ሂጂ። የጣልሽውን ወረቀት አንሥተሽ አንብቢ።» በሕይወቴ ሰው ያንብበው ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። ፊሽካ ቀዳደደችው። ቁርጥራጮቹን ለቅሜ አያይዣለሁ።

8. ቅጣቱ ወደ ምድር ቤት መጋዘን መዛወር ነው። ሥራ አስኪያጁ «እዚያ የሚነበብ ነገር የለም፣ ታርፊያለሽ» ብሎኛል። የሳሙናውን ካርቶን በሁለት ቀን ጨረስኩት፤ የእሳት ማጥፊያውን መመሪያ በቃሌ እወጣዋለሁ። እሱ የረሳው ግን የሕንፃው ቆሻሻ ሁሉ በመጨረሻ የሚወርደው ምድር ቤት መሆኑን ነው። ድሮ የማነበው የአንድ ቅርጫት ወረቀት ነበር፤ አሁን የአራት ፎቅ ነው።

ይሁንና ማንበብ ብቻውን ምን ይጠቅማል? ቁልፉ ከላይ ነው፣ እኔ ከታች ነኝ። ዛሬ ማን ስቲም ገብታ ነገ እንደምትቃጠል አውቃለሁ፤ የማስቆምበት በር ግን የለኝም። ይህ «ታምሜያለሁ» የሚል ደብዳቤ ጊዜው ካለፈ በኋላ እንደማንበብ ነው። እሱን አንዴ አድርጌዋለሁ፤ ይበቃኛል።

9. ስለዚህ በሬና ቁልፌ እንዲመለሱልኝ፣ ማስታወቂያዬም በጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ተደግፎ በስቲሙ በር ላይ እንዲለጠፍ በትሕትና አመለክታለሁ። ፊሽካ ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አልፈልግም። ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ ታንብብልኝ፤ አንድም መስመር ሳትዘል።

10. በመጨረሻ፣ ገመና ታወጣለች ለሚለው ክስ አንድ ማስረጃ አያይዣለሁ። ትናንት ረቡዕ ከሰዓት፣ እርስዎ ራስዎ ለሚመሩት የቅዳሜው የሴቶች ሩጫ ዝግጅት ሕንፃውን ሊጎበኙ መጥተው ነበር። ዛሬ ጠዋት በወረደልኝ ከረጢት ውስጥ ትናንት እኩለ ቀን የተጻፈ አንድ የሌዘር ቤት ወረቀት አገኘሁ። ከላይ ያለውን ስም አነበብኩና ቁጭ አልኩ። ከዚያ አራት አጥፌ፣ በፖስታ አሽጌ፣ ለባለቤቱ መልሻለሁ። ቅጂ አላስቀረሁም። የተከበበውን ቦታ አልጠቅስም፤ ብቻ ከቤት ሲወጡ ባርኔጣ ያድርጉ፣ ሰፋ ያለ። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። ማስፈራራት ብፈልግ ክፍቱን በመዝገብ ቤት በኩል እልከው ነበር።

የወረቀቱ ሁለት ቀን ነገ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ያልቃል። የአገጬ ቀን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ያልቃል። ሩጫው ቅዳሜ ጠዋት ነው። በወረቀቱ ከሄዱ ከሴቶቹ ፊት ይሮጣሉ፤ በሩ ላይ ስለሌለሁ የሚከለክልዎ የለም። በአገጬ ከሄዱ የአሰልጣኟን ፊሽካ ተውሰው ይነፉና ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። እኔ በዕለቱ መጨረሻው መስመር ላይ ፎጣ እንዳድል ታዝዣለሁ። ጥላ ሥር ተቀምጠው ካየሁዎት የአቤቱታዬን መልስ በደብዳቤ አልጠብቅም፤ ሰኞ ጠዋት ቁልፌን ልወስድ እመጣለሁ።

ከቀዝቃዛና ሽታ ከሌለው ሰላምታ ጋር፣

ፊርማ (በእጄ የፈረምኩት፤ የጣት አሻራ አይደለም)
እትዬ ፎጣ
የስቲም በር ጠባቂ፤ አሁን የመጋዘን ሠራተኛ

አባሪ፦ አንድ የታሸገ ፖስታ፤ የማስታወቂያው ቁርጥራጮች
ግልባጭ፦ ለማንም አልተሰጠም፤ ለጊዜው።