ዳገት የማይወጣ ዘይት

ይድረስ ለእናቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? ያ ስመጣ የሰማሁት ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም «ምንም አይደል» እያልሽ ታፍኚዋለሽ? ይኸው ተናድጄም ቢሆን ጤናሽን ሳልጠይቅ ልጀምር ብል እጄ እሺ አላለኝም። እንዲህ አድርገሽ ያሳደግሽኝ አንቺው ነሽ። እኔ ደህና ነኝ። አካሌ ደህና ነው ማለቴ ነው፤ አንጀቴ ግን አርሯል።

ለምን በስልክ እንዳልነገርኩሽ ታውቂያለሽ። ድምፄ ትንሽ ከፍ ሲል «አይሰማም፣ አይሰማም» ትዪና ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት አይዘጋም። አጣጥፈሽ ትራስሽ ሥር ብትከቺውም ስትገልጪው እዚያው ይጠብቅሻል። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳቢና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። መሐል ላይ ልብስ ላስጣ ብለሽ እንዳትነሺ።

ነገሩ የሞተሬ ዘይት ነው።

እቤት የመጣሁት ሥራ ማግኘቴን ልነግርሽ ነበር። ምን ሥራ ነው ብትዪኝ በሞተር መድኃኒት ለየሆስፒታሉ ማድረስ ነው አልኩሽ። ፊትሽ ጠቆረ። ሴት ልጅ በሞተር? ትዪኛለሽ ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፤ አንቺ ግን እሱን አላልሽም። አባትሽ ይበቃኛል ነው ያልሽው። አባቴ የደንበኛ ሞተር ጠግኖ፣ ሞክሬው መጣሁ ብሎ ከጋራዡ እንደወጣ መቅረቱን እኔም አልረሳሁም። ምሳውን ከድነሽ በሩ ላይ ቆመሽ እንደነበርም አልረሳሁም። ግን እማዬ፣ እኔ ያደግሁት እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ ቁልፍ እያቀበልኩ ነው። የማውቀው ይኸንኑ ነው። ይህን ብልሽ አልሰማ አልሽኝ፤ ስንጨቃጨቅ አምሽተን ተኮራርፈን ተኛን።

በማግሥቱ ሌላ ሰው ሆነሽ ጠበቅሽኝ። ቁርስ አቅርበሽ፣ የጃኬቴን የወለቀ ቁልፍ ሰፍተሽ። ለመንገድሽ ብዬ የሞተርሽን ዘይት በወንድምሽ አስቀይሬልሻለሁ፣ ጥሩውን ነው የሞላልሽ፣ በይ ሂጂ አልሽኝ። እኔ ሞኟ ልቤ ቅቤ ጠጣ። መንገዱን ሁሉ ሄልሜቴ ውስጥ እያለቀስኩ ነው የነዳሁት። እናቴ እሺ አለችኝ፣ እናቴ መረቀችኝ እያልኩ። አሁን ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለኝ ያ እንባ ነው። ማን ይመልስልኛል?

ከእናንተ እስከ እኔ ያለው መንገድ ሜዳ ስለሆነ ምንም አልተሰማኝም። ሥራዬ ላይ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በከተማው ውስጥ ለጥ ባለ አስፋልት ነበር የምመላለሰው። ከዚያ አለቃዬ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከችኝ። እሱ ያለው ዳገት ላይ ነው። ከኋላዬ በበረዶ የታጨቀ ሳጥን አስሬአለሁ፤ ውስጡ ኢንሱሊን ነው፣ ሙቀት ከነካው ዋጋ የለውም። የዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ ሞተሬ መጮህ ጀመረች። ነዳጅ እሰጣታለሁ፣ ትጮሃለች። ማርሽ እቀንሳለሁ፣ የባሰ ትጮሃለች። መሄድ ግን የለም። የሚሰማት ሰው ሰማይ የምትወጣ ይመስለዋል፤ እሷ እቴ፣ ቆማለች።

ከኋላዬ አሸዋ የጫነ መኪና ነበር፣ እማዬ።

ይቺን መስመር ደግመሽ አንብቢያት። ጡሩምባውን ሲነፋ፣ ፍሬኑ ሲያፏጭ ጀርባዬ ላይ ሰማሁት። መሪውን ጠምዝዤ ከእነሳጥኔ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ክርኔ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆንኩም፣ አትደንግጪ። ወይም ደንግጪ! ትንሽ ብትደነግጪ ደስ ይለኛል።

ሾፌሩ ከወረደ በኋላ መትረፌን አይቶ፣ አንቺ ልጅ ድምፁን ብቻ ነው እንዴ የገዛሽው አለኝ። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እስቅ ነበር። ሞተሯን እየገፋሁ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። የሆስፒታሉ ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ሳጥኑን ከፍቶ እጁን ሲያስገባ በረዶው ውኃ ሆኗል፤ መልሶ አስታቀፈኝ። አለቃዬ አልጮኸችብኝም። በጮኸችብኝ ይሻል ነበር። አንዴ አልፌሻለሁ፣ ሞተርሽ ደግማ መንገድ ላይ ከቆመች ግን ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ አለችኝ።

ወደ ሰፈራችን መካኒክ ሄድኩ። ቀጮ ነው የምንለው፤ ቀጭንነቱ ሞተር ሥር ሲገባ ይጠቅመዋል። ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሻሸው፣ አሸተተውና ቀና ብሎ አየኝ። ይሄ የመኪና ዘይት ነው፣ ማነው የሞላልሽ አለኝ።

የቀረውን ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ግን ንዴቴ እንዲወጣልኝ እጽፈዋለሁ። የመኪና ዘይት እንዲያንሸራትት ተብሎ ቅመም ይጨመርበታል። ለመኪና ደግ ነው። የሞተርን ኃይል ለጎማው የሚያቀብለው ፍሪሲዮን ግን እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚውለው። የፍሪሲዮኑ ሳህኖች ጥርቅም ብለው መያያዝ ሲገባቸው በዚያ ዘይት ይንሸራተታሉ። ሜዳ ላይ እንደ ምንም ይጎትታሉ፤ ዳገት ሲመጣ ይለቃሉ።

ቀጮ ቀጠለና፣ ይህን የሞላ ሰው ወይ ጭራሽ አያውቅም ወይ ደግሞ አሳምሮ ያውቃል አለ። ምን ማለትህ ነው ብዬ አፈጠጥኩበት። ክፋት ያሰበ ሰው ቢሆን ሞተርሽን የሚገድልበት ስንት መንገድ ነበረው አለኝ። ይሄ ምንም አይሰብርም፣ ምንም አያነድም፣ እንቢ ብቻ ነው የሚያሰኛት፣ ሳህኖቹ ታጥበው ትክክለኛው ዘይት ሲገባ እንደነበረች ትሆናለች አለኝ። እኔ ግን ያን ጊዜ ነገሩን አላስተዋልኩትም። ጆሮዬ ላይ የነበረው የአሸዋው መኪና ፍሬን ነው።

ስለዚህ ስልኬን አንስቼ በልጅሽ ላይ ወረድኩበት። በጠበቃው ላይ። እንደምታውቂው ፀጉር አስተካካይ ቢሆንም ጠበቃ ያልነው በከንቱ አይደለም፤ በልጅነቱ የጎረቤት መስተዋት ሰብሮ፣ ሌላ ድንጋይ እጁ ላይ ይዞ እየታየ እንኳ የተከራከረ ሰው ነው። በአፌ ያልመጣ ስድብ የለም። ልትገድለኝ ነው ወይ፣ መጠየቅ አፍህን ያምህ ነበር ወይ፣ እናታችን እዚያው አጠገብህ ቁጭ ብላ አልኩት። ጠበቃው እስክጨርስ አዳመጠኝና፣ አዎ እኔ ነኝ የሞላሁት፣ ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አለ።

ይቅርታ! ጠበቃው! ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ቁጥሩን አየሁት፤ ሌላ ሰው ጋ የደወልኩ መስሎኝ። ቆይ፣ አሮጌውን ለማፍሰስ የትኛውን ቡሎን ፈታህ አልኩት። የላይኛውን አለኝ። ዘይት ሽቅብ ሲፈስ የት አይቶ እንደሆነ እንጃ። ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ጠይቄው ዘጋሁ።

ቀጮ ዘይቱን ከሥር አፍስሶ ጨርሶ አዲሱን ሊሞላ ወደ ላይኛው ክዳን እጁን ሲሰድ ቆም አለ። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። በክዳኑ አንገት ዙሪያ ቀይ ክር ታስሯል።

ያን ክር ከእኛ ቤት ሰው በቀር ማን ያውቀዋል? አባዬ ዘይት ቀይሮ ሲጨርስ ክዳኑ ላይ ቀይ ክር ሳያስር ሞተር ለባለቤቱ አይሰጥም ነበር። አይቼዋለሁ፣ አምኜበታለሁ፣ በሰላም ንዳው ማለቱ ነው። የእሱ ጣቶች ወፍራም ስለነበሩ ደግሞ ክሩን አያስረውም፤ ከፊት ካለው ሱቃችን ሰው ተጠርቶ ነው የሚታሰርለት። ሁለቴ ጠምጥሞ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ መልሶ፣ እንዳይታይ አድርጎ የሚያስር እጅ ነበር። ጠበቃው የጫማውን ክር እንኳ አስሮ የማያድር ሰው ነው።

ቀጮ ሊበጥሰው ሲል እጁን ያዝኩት። ቀስ ብዬ በጥፍሬ ፈታሁት። ንዴቴ ግን አልበረደም፣ ሌላ እንዳይመስልሽ።

ሱቃችን ትዝ ይልሻል? ሰው መጥቶ ውድ የሆነውን ዘይት ስጪኝ ሲል፣ ለመኪና ነው ወይስ ለሞተር ብላ የምትጠይቅ ሴት ነበረች። ለሞተር ነው፣ ግን ያን የመኪናውን ስጪኝ ያለ ደንበኛ ቢመጣ ቆርቆሮውን ከእጁ መንትፋ መደርደሪያው ላይ ትመልሳለች። አኩርፎ ይሄዳል፤ ይሂድ፣ ትላለች፣ በሕይወቱ ይሄዳል። ሱቁ ከተዘጋ በኋላም የተረፉት ቆርቆሮዎች ጓዳ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የመኪናው በግራ፣ የሞተሩ በቀኝ። መብራት ቢጠፋ እንኳ በዳበሳ አያሳስቱም።

እንግዲህ ዘይቱን የመረጠውን ሰው አንቺ ካወቅሽው ንገሪልኝ። ተናድጃለሁ በይልኝ። በሕይወቴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። በሩን ዘግቶ፣ መንገዱ ላይ ተኝቶ፣ አትሄጂም ብሎ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጮሆ ቢከለክለኝ ጮሄ እከራከረው ነበር። እየሳመ መሸኘትን ምን አመጣው? ፍሬኔን አልነካም፣ ጎማዬን አልነካም፣ ከመደርደሪያው ሁሉ ምንም የማይሰብረውን መርጦ ነው የሞላልኝ፤ ይሄ ገብቶኛል በይልኝ። ዳገት ሲያቅታት ተስፋ ቆርጣ ትመለሳለች ብሎ አስቦ ይሆናል። ከኋላዬ ግን መኪና እንደሚመጣ አላሰበም! የፈራው ነገር ራሱ በሞላው ዘይት ተንሸራትቶ ሊመጣ ነበር፣ በይልኝ። ደግሞ ክሩንስ ለምን አሰረው? እያስቀረኝ ነው ወይስ በሰላም ሂጂ እያለኝ ነው? ይሄን ጠይቂልኝና መልሱን ላኪልኝ። እኔ እያሰብኩት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጠበቃውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ስለምን እንደሆነ እሱም አልጠየቀኝም። የማይከራከርበት አንድ ቀን እንዳለው አላውቅም ነበር።

ሞተሬ ታጥባ የራሷን ዘይት ጠጥታለች። ከትናንት በስቲያ ዳገቱን ወጣሁት፤ ድምፅዋን እንኳ ሳታሰማ። የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ በረዶውን ነካ ነካ አድርጎ ፈረመልኝ። ሥራውን አልተውም፣ እማዬ። ተቆጪ፣ አልቅሺ፣ ስልክ ዝጊብኝ፣ አልተውም። የምትፈሪውን እኔም እፈራዋለሁ፤ እየፈራሁ ነው የምነዳው፣ ለዚህም ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።

አባዬ፣ ያለጊዜው ዘይት የሚቀይር ሞተሩን ሳይሆን ራሱን ነው የሚያታልለው ይል ነበር። የዚህኛው ጊዜው ሲደርስ እመጣለሁ። ሌላ ሰው ጋ አልወስዳትም። ቀጮም አይነካትም፣ እኔም አልነካትም። ጓዳ ገብተሽ አንቺ ታመጪዋለሽ፣ አንቺ ትሞዪዋለሽ። የቱን እንዳነሳሽ አላይም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ በሩ ላይ እቆማለሁ። ከዚያ በሞላሽልኝ ዘይት ቀጥታ ወደ ዳገቱ ነው የምሄደው።

ክሩን ከደብዳቤው ጋር አጣጥፌ ልኬልሻለሁ። ለዚያ ቀን አስቀምጪው።

ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ ሳልሽን ያንሳልሽ። ተናድጄ የጻፍኩትን ሳትናደጂ እንድታነቢው ልብ ይስጥሽ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ገና ብዙ ዘይት ትቀይሪልኛለሽ።

አሁንም የተቆጣችው፣ በሞተር የምትመጣው ልጅሽ