ድምፁ የቀደመው ቪዲዮ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 5፡00

እንደገና ቆመ። ደብተሬ፣ ይሄን ኮምፒውተር አንድ ቀን በመዶሻ አደቀዋለሁ፣ ምስክሬ ነሽ። ሦስት ሰከንድ ይሄዳል፣ ምስሉ ይደርቃል፣ ድምፁ ብቻውን ይቀጥላል። ሶፍትዌሩን ዘግቼ ከፈትኩ። ሌላውን ሁሉ ዘጋሁ። ያው ነው።

ገንዳ ውሃ በየካቲት፣ ቆርቆሮ ሥር። ጠረጴዛው እጅ ያቃጥላል። ፋኑ እንደ ትራክተር ይጮኻል። ሽፋኑን ፈትቼ ባይ የሰሊጥ አቧራ ተጋግሮበታል። በብሩሽ ጠረግኩለት። ሩብ ሰዓት ያህል ሰው ሆነ፣ ከዚያ ወደ አመሉ።

የማቀናብረው የጌታሰውን ሠርግ ነው። ኮኪት፣ ጥር 25። ብቻዬን ቀረጽኩት፣ በአንድ ካሜራ። ሠርግ ብዬ መጻፉ ራሱ ይከብደኛል። ሙሽሮቹ ዳሱ በር ሲደርሱ፣ የደስታው ተኩስ ሁሉ ጋብ ካለ በኋላ፣ አንዲት ጥይት ጮኸች። የሙሽራው ታላቅ ወንድም ደሳለኝ እግሬ ሥር ወደቀ። አገጩ አልነበረም። ነጠላዬን አላጠብኩትም፣ አቃጠልኩት።

ማን እንደተኮሰ የሚያውቅ የለም። ወንዱ ሁሉ ጠመንጃ ይዟል፣ ሁሉም ተኩሷል። ፖሊስ ጠይቆ ሄደ። ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን መሐላ እስኪያስምሉ ሁሉም እቤቱ ይቀመጥ ብለዋል። እኔ ግን ሁሉን ቀርጬዋለሁ ብዬ በየሱቁ አውርቻለሁ። ምላሴን ይቁረጠው።

የካቲት 5፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00

ጌታሰው መጣ። ጢሙን አልተላጨም፣ የሠርጉን ሸሚዝ ነው የለበሰው። ክላሹን ከኪቦርዱ አጠገብ አጋደመና አሳይኝ አለ። ገና አልተቀናበረም አልኩት። ማሳመሩን አልፈልግም አለ፣ ደሳለኝ የወደቀበትን ብቻ።

መብራት የለም ማለት እችል ነበር። ተበላሽቷል ብል ማን ይመረምረኛል? ፈራሁ። ደግሞም እውነቱን ልጻፍ፣ ኮራሁ። አለኝ ብዬ ያወራሁት ነገር እጄ ላይ ነበር።

ከፈትኩት። እየተንገጫገጨ ሄደ። ማሩ ይታያል፣ የሙሽራይቱ ወንድም። እየፎከረ ነው፣ ክላሹን ወደ ፊት ዘርግቷል። ምስሉ እዚያው ደረቀ። ጥይቷ ጮኸች። ከዚያ እሪታ፣ ምስሉ እንደደረቀ።

ድገሚው አለ። ስድስት ጊዜ ደገምኩት። ስድስቱንም ጊዜ ማሩ እንደዘረጋ ነው ጥይቷ የምትጮኸው።

ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። ጠመንጃውን አንስቶ ወጣ። የማሩ እህት፣ የአስር ቀን ሙሽራ፣ እቤቱ ቁጭ ብላለች።

የካቲት 6፣ ሐሙስ፣ ከጧቱ 3፡00

ማሩን በጥርሴ ብዘነጥለው ደስ ይለኛል። ሠርግ ላይ አብሮኝ ሲስቅ ነበር፣ አሪፍ አርገሽ አንሺኝ እያለ። ማውሱን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። አልተሰበረም፣ እሱም ንቆኛል።

ሥራ አይቀርም። ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ ቀይ ሆኗል፤ የድሮ ሠርጎችን ጥርቅም ሰረዝኩ። የማየውን ምስል ጥራት ሩብ አደረግኩት። አሁንም ያዘግማል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ ኮምፒውተር ጨምሩበት።

5፡30። ጎንደር ለሚሠራው የኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ዘላለም ለሚባለው፣ ደወልኩ። የካሜራሽ ፋይል ለዚያ ማሽን ከባድ ነው አለኝ። ከእያንዳንዱ ፋይል ቀለል ያለ ቅጂ አሠሪለት፣ በቅጂው ላይ ሥሪ፣ ዋናውን መጨረሻ ላይ ይተካልሻል። እንዴት እንደሆነ አስጻፈኝ። ሊዘጋ ሲል፣ እየሳቀ፣ እስከዚያ ግን ድምፅና ምስሉ እኩል ይሄዳሉ ብለሽ አትመኚ አለኝ። ማሽን ሲደክም ድምፁ ምስሉን አይጠብቅም። ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ አምስት ስድስት ሰከንድ ኋላ ይቀራል።

ደግሞ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ደገመው።

ጥይቷ ስትጮህ ያየነው ከጥይቷ በፊት የነበረውን ነው። ወጥቼ አስመለስኩ።

ለጌታሰው ደወልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው። ደወልኩ፣ ዝግ። ለሽማግሌው ለአያ ተገኘ ደወልኩላቸው። አያ፣ የደሳለኝ ነገር፣ ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ። የደም ነገር በስልክ አይወራም፣ ማስረጃ ካለሽ ይዘሽ ነይ፣ አሉኝ። አቤት አልኩና ዘጋሁ። እዚህ አገር የደም ነገር በስልክ አይወራም፣ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት።

ቀላሉን ቅጂ አስጀመርኩ። ሰባት ሰዓት ይፈጃል ይላል።

የካቲት 7፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡00

ትናንት ሰባ በመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ። ዛሬ 7፡00 ላይ መጣ፣ ከዜሮ ጀመረ። ሽፋኑን አውልቄ የጎረቤት ቬንትሌተር ደገንኩበት። ወለሉን በውሃ ደጋግሜ አራስኩ። ቁጭ ብዬ መስመሯን አያለሁ። አስራ አንድ በመቶ። አስራ ሁለት።

የጌታሰው ስልክ አሁንም ዝግ ነው። ኮኪት የሚሄድ ሾፌር ጠየቅኩ፤ ጌታሰው ከትናንት ጀምሮ ቤቱ የለም፣ ገንዳ ውሃ ታይቷል አለኝ። ጥይት ሲገዛ፣ አለ።

ለማሩ ልንገረው? ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ብነግረው እሱ ቀድሞ ይተኩሳል። ያኔ ደግሞ የሌላ ሰው ደም በእጄ ነው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ፣ ከጧቱ 2፡00

አለቀ። አጫወትኩት። እንደ ውሃ ይፈሳል።

ማሩ ይፎክራል፣ ክላሹን ይዘረጋል፣ ልክ እንዳየነው። ከዚያ ያላየነው ይመጣል። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ያንጠለጥላል፣ አፈሙዙ ወደ ሰማይ። ወደ እህቱ ይጠጋል። ቬሏን እሾህ ይዞታል፣ በሁለት እጁ ያላቅቅላታል። ጥይቷ የጮኸችው ያን ጊዜ ነው። ከኋላዬ ነው የመጣችው፣ ከካሜራው ኋላ። ማን እንደሆነ አይታይም። ማሩ ግን አይደለም። ሁለቱም እጆቹ ቬሏ ላይ ናቸው።

በጥርሴ እዘነጥለዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ቪዲዮውን ስልኬ ላይ ጫንኩ። ማሩ ቅዳሜ ሰሊጥ መጋዘን አይጠፋም፣ አያ ተገኘም ገበያ ይወጣሉ። ባጃጅ መጣ። ሄድኩ።

ያው ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡00

ደረስኩ። መጋዘኑ በር ላይ ማሩ ጆንያ ተሸክሞ መኪና ላይ ይጭናል። ጌታሰው ከሚዛኑ ጀርባ ወጣ። ማሩ ብሎ ጠራው፣ በስሙ፣ ጮክ ሳይል። ማሩ ዞረ። ሦስት ጊዜ ተኮሰበት። የመጀመሪያዋ ጆንያውን መታች፣ ሰሊጡ መፍሰስ ጀመረ። ሁለተኛዋ አንገቱን። ሦስተኛዋ ወድቆ ነው።

ሰው ሁሉ መሬት ተኝቷል። እኔ ቆሜያለሁ። ስልኬ በእጄ ነው፣ ቪዲዮው ተከፍቷል። ጌታሰው አየኝ። ባንገቱ ሰላም አለኝ፣ እንደ ባለውለታው። ከዚያ በኋለኛው በር ወጥቶ ወደ ድንበሩ ጫካ ገባ።

ማሩ ቶሎ አልሞተም። አንገቱን በመዳፌ ይዤ ነበር። ደሙ በጣቶቼ መሃል ይወጣል፣ ሰሊጡ ደሙ ላይ ይለጠፋል። የሚለው ነገር ነበረው። አልሰማሁትም።

የገደልኩት እኔ ነኝ። ደብተሬ፣ ለማንም አላልኩትም፣ ለአንቺ ልበል።

የካቲት 10፣ ሰኞ፣ ከጧቱ 4፡00

አያ ተገኘ ራሳቸው መጡ። አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑ ላይ አፍንጫቸውን አስጠግተው አዩ። መነጽራቸውን መልሰው አንድ ለአንድ ሆነዋል አሉ። ከወዲያ ደሳለኝ፣ ከወዲህ ማሩ። ሁለቱም ቤት ደም በደም ተመለሰ ብሎ አምኗል። ጾም ሳይገባ፣ እሑድ፣ በግ ታርዶ እርቅ ይወርዳል። ጌታሰውም ለሽማግሌ እጁን ይሰጣል። ይሄ ነገር ከወጣ ግን የማሩ ደም ንጹሕ ይሆናል፣ የደሳለኝም እንደገና ደመኛው ያልታወቀ። የማሩ ሁለት ወንድሞች ይነሳሉ። ከዚያ ወዲያ አንቆጥረውም። አጥፊው፣ አሉኝ።

ንጹሑ ሰው ገዳይ ተብሎ ይቅር ወይ ብዬ ጮህኩባቸው፣ እሳቸው ላይ፣ አባቴ በሚሆኑት ላይ። የሞተ አይሰማም ልጄ፣ አሉ፣ የሚሰሙት ሁለቱ ወንድሞቹ ናቸው።

ሸኘኋቸው። አላጠፋሁም። ኮምፒውተሩ አሁን አንዴም አይቆምም፣ ጤነኛ ሆኗል፣ ይሄ የተረገመ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡00

የማሩ እናት፣ እማማ ብርቄ፣ መጡ። በእግራቸው። ፀጉራቸውን ተላጭተዋል፣ ፊታቸው ተቧጥጦ ቆስሏል። ውሃ ሳይቀበሉኝ ጠየቁኝ። ልጄ ገድሏል ወይ? ለቅሶ የመጣው ሰው ዓይኑን ይሰብርብኛል፣ አልቃሿም ስሙን አልጠራችልኝም፣ ገዳይ ነው ብላ። አንቺ ቀርጸሻል አሉኝ። ንገሪኝ።

እሳቸውን መዋሸት አልቻልኩም። ከጎኔ አስቀምጬ አጫወትኩት። ሦስት ጊዜ አዩት። እጆቹ ላይ አቁሚልኝ አሉ። ባልኩት ቦታ ቆመ፣ ቅንጣት ሳይዘገይ። መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ፣ እጆቹ ላይ፣ አሳረፉ። ከእኔ እንባ ሲፈስ ከሳቸው አልፈሰሰም።

እኔው ነኝ እማማ፣ አልኳቸው። ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ለጌታሰው ያሳየሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር፣ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ማን አይቷል አሉ። አያ ተገኘ ብቻ አልኳቸው። ሁለቱ ልጆቼ እቤት ቁጭ ብለው ጠመንጃ ይወለውላሉ አሉ። ይሄን ካዩ እሑድን አይጠብቁም። አጥፊው።

እምቢ አልኩ። እማማ፣ ማሩ ንጹሕ ነው፣ ሰው ይወቅለት።

እኔ አወቅኩለት፣ አሉ።

እጄን ያዙና ማውሱ ላይ አደረጉት። ከኮምፒውተሩ ጠፋ፣ ከስልኬ፣ ከካሜራው ካርድ። ሌላ ቅጂ ያስቀመጥኩበትን ፍላሽም በድንጋይ ቀጠቀጥኩት፣ ደጅ፣ እያዩኝ። ተመልሶ የሚመጣበት መንገድ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የለም አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። መርቀውኝ አልሄዱም፣ ረግመውኝም አልሄዱም።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ከጧቱ 3፡00

ሽማግሌዎቹ እርቁን መጥተሽ ቅረጪ ብለው ልከዋል። ጌታሰው ከጫካ ወጥቷል። ድንጋይ ባንገቱ ተሸክሞ እማማ ብርቄ እግር ላይ ይወድቃል። እሳቸው የገዳይ እናት ተብለው ያነሱታል። ነጽቶ ይነሳል፣ ወንድሙን የተበቀለ ወንድ ተብሎ። ባገኘው ያንኑ ድንጋይ አናቱ ላይ ባወርደው ደስ ይለኛል። አፌን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ይሄን ሁሉ ያመጣው እሱ ነው።

ባጃጁ በር ላይ ይጠራኛል። አልቀርጽም። ካሜራውን ቆለፍኩበት። ግን እሄዳለሁ፣ እማማ ብርቄ አጠገብ እቆማለሁ። እሳቸው ዝም ካሉ እኔም ዝም እላለሁ።