«ተርቦ ሞተ» ያሉኝ ቀን

ለአያ ሞላ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

እንደምን ሰነበትህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልሱን በማን ትልክልኛለህ? ካረፍህ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኔ አሁንም በር ሲንኳኳ አንተ ትሆን እያልሁ ጉልበቴን ደግፌ እነሳለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ እጄ ይዘገያል፤ ምላሴን ግን ታውቀዋለህ፣ እሱ ማንንም አይጠብቅም። እንግዲህ እንደማወራው እጽፍልሃለሁ፣ አጻጻፌ ቅር የሚለው ሰው ካለ አንብብ ያለው የለም።

ዛሬ የጻፍሁልህ ፈርቼ ነው። የልጅ ልጅህ ሲሳይ ጠዋት በዚያች መኪና ሰው ጭኖ ወደ ጋሸና ወጥቷል፣ እስካሁን አልደወለም። ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ደጃፉ ላይ ተቀምጫለሁ። ዝም ብዬ ከምብሰለሰል ላንተ ልንገርህ አልሁ።

መኪና ማለቴን አታውቅም አይደል? አንተ ከሄድህ በኋላ የመጣች ናት። በቅሎህን ዳልቻን ለወንድምህ ሰጠሁት፤ ደህና ናት፣ እንዲያውም ወፍራለች። እሷ ትታሰርበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን መኪና ቆሟል። አገር ጎብኚው እንግዳ ሲጠፋ፣ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ሲሳይ ሾፌር የነበረበት ሆቴል ሥራ ቀዘቀዘ። ልጁ አዲስ አበባ ወረደና ያጠራቀማትን ይዞ መኪና ገዝቶ መጣ። ገዛሁ ብሎ ሲደውል እኔ በሬ መስሎኝ እልል ብያለሁ። ይዞ የመጣው ሰማያዊ ነገር ነው፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ስቀመጥባት ጉልበቴ አገጬን ይመታኛል። ፈረንጅ ለእሽቅድድም የሠራት ናት አለኝ። ማን ሊያባርረን ነው፣ ለምን እንሽቀዳደማለን ብለው፣ ሳቀብኝ።

ለጥ ያለ መንገድ ላይ እውነትም ትበራለች። ዳገት ላይ አራት ሰው ሲጫንባት ግን ትንፋሽ ያጥራታል። ትንፋሽ ያጥራታል የሚለው ራሱ ሲሳይ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ያንን ቃል በሰማሁ ቁጥር ምን እንደምሆን አያውቅም መሰለኝ። ይርጋ የሚሉት መካኒክ ጓደኛው ደሞ መድኃኒቱ ቀላል ነው አለው፤ ያላት ትንሽ ስለሆነ ትልቁን እንቀይርላት አለው። ምኑን ነው የምትቀይሩት ብዬ ጠየቅሁ። ሲሳይ እኔ እንዲገባኝ ብሎ፣ ወናፍ ነው እማዬ፣ የአንጥረኛ ወናፍ በይው አለኝ። የሚወጣው ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፣ እሷ ስትሽከረከር ንጹሕ አየር እየሳበች ለሞተሩ ትነፋለታለች፣ እሳቱ ይበረታል፣ መኪናዋ ጉልበት ታገኛለች። እንዲህ ከሆነማ ለምድጃዬም አንድ ሥራልኝ አልሁት።

ወናፉ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ይርጋ ገጠመው። ሲሳይ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ሲረግጣት፣ አያ ሞላ፣ መኪናዋ አፏጨች። ቀጭን ፉጨት፣ እየወጣ እየወጣ ሄዶ ሲጥ የሚል። የያዝሁት ማድጋ ከእጄ ወደቀ። ያንተ ደረት ነው። ግድግዳውን ተደግፈህ፣ መተኛት አቅቶህ፣ አየሩን እየጎተትህ የምታስገባበት ድምፅ ነው። አንድ ቀን እንኳ ደክሞኛል ብትለኝ ኖሮ... ተወው፣ እንባዬ ወረቀቱን አበላሸው።

ሲሳይ አቀፈኝና ይህ የጤና ድምፅ ነው እማዬ አለኝ። ጤነኛ ደረት አያፏጭም አልሁት። ትዝ አለኝ፣ ወደ አሸተን ማርያም እንግዳ በበቅሎ ስታወጣ እኔም አንዳንዴ ስለት ይዤ እከተልህ ነበር። ከዚያች ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ልጓሙን ትይዝና፣ በቅሎዋ ደክሟታል፣ ትንሽ ትረፍ ትላለህ። ዳልቻ ግን ሣሯን ትግጣለች፣ ላብ እንኳ የላትም። የደከምኸው አንተ ነህ። እንግዳው ፊት ላለማፈር በበቅሎዋ ታመካኝ ነበር። እኔ አውቃለሁ፣ አንተም እንደማውቅ ታውቃለህ፣ አብረን ቁልቁል አገሩን እናያለን። ሲሳይ ማረፍን ካንተ ሳይማር ቀረ።

እንግዲህ ያን ቀን ልንገርህ።

ሲሳይና ይርጋ በአዲሱ ወናፍ መኪናዋን ሊሞክሩ ወደ ጋሸና ወጡ። ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። ይርጋ ነው። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ነፋሱ ያጉረመርማል። «እማማ ጥሩዬ» አለኝ፣ «ሲሳይ ተርቦ ሞተ። አይጠብቁት።» ከዚያ ጠፋ። መልሼ ብደውል አይነሳም።

አንተ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? ጠዋት በልቶ የወጣ ልጅ እንዴት በቀትር ተርቦ ይሞታል ትለኝ ነበር። ግን አያ ሞላ፣ ያ ቃል እኛ ቤት ገብቶ ያውቃል። በዚያ ክፉ ጊዜ የመጀመሪያ ልጃችንን መንገድ ዳር ስንቀብር አንተ በእጅህ ነው አፈሩን የጫርኸው። ሌላው ሰው ቢሰማው ያሰላስላል፣ ለላስታ ሰው ግን ተርቦ ሞተ ከተባለ ሞተ ነው። ደሞስ ስሙን ያወጣኸው አንተ አይደለህም? እናቱ፣ ልጃችን አበባ፣ ስትወልደው፣ ይሄኛው አይራብም፣ ሲሳይ በሉት አልህ። እሷም ቀድማን ሄደች፣ የቀረልን እሱ ነው። እኔ ጩኸቴን ለቀቅሁት።

ጎረቤቱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የቅሬው ጥሩምባ ተነፋ። ወንዶቹ ድንኳኑን ተሸክመው መጡ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢዬን ሞሉት። ያቺ እንዬ፣ ታውቃታለህ አይደል፣ ከአጥር ወዲያ ያለችው፣ ከኔ ጋር በዶሮ ተጣልተን ስንት ጊዜ ተኳርፈናል፣ እሷ ቀድማ ደረቷን እየደቃች ሙሾውን ያዘችው፦

ስምህ ሲሳይ ሳለ እህል አጣህ ወይ፣
የአያትህ ጓዳ ሩቅ ሆነብህ ወይ።

በለቅሶ መሀል እንኳ፣ ጓዳሽ ባዶ ነው የምትለኝ መስሎኝ ገረመምኋት። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው እየሮጡ ደረሱ። ምን ብለው ነው የነገሩሽ አሉኝ። ተርቦ ሞተ አሉኝ አባ፣ አልሁ። ጠዋት ሳይበላ ነው የወጣው? አሉ። ኧረ አባ፣ አንድ ሙሉ ትሪ ፍትፍት በልቶ ነው፣ ተልባም ጠጥቷል አልሁ። መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንግዲያ በስንት ሰዓት ነው የተራበው ልጄ? አሉኝ። አንድ ሰው ከኋላ ሳል የመሰለ ነገር አሰማ። እኔ ግን ማን ይስማ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ አይሱዙ ያቺን ሰማያዊ መኪና በገመድ እየጎተተ ታች መንገዱ ላይ ቆመ። ሲሳይ ወርዶ ቀና ቢል፣ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው ነጭ ለብሶ ያለቅሳል። ልጁ ምን ያስብ? እማዬን! እማዬን! እያለ ራሱን እየደበደበ ዳገቱን ሮጠ። እሱ ለኔ እያለቀሰ ይመጣል፣ እኔ ለእሱ እያለቀስሁ ተቀምጫለሁ። ሰው ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጠው። ሳየው መንፈሱ ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። ሲይዘኝ እጁ ይሞቃል። ታምነኛለህ፣ መጀመሪያ የዳበስሁት ሆዱን ነው።

ማን ሞተ? ይላል። አንተ! ይሉታል። እኔ? በምን? ተርበህ! ይርጋ ከኋላው በቅባት እንደተነከረ እየሮጠ ደርሶ ይህን ሲሰማ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እማማ፣ የሲሳይ ተርቦ ነው ያልሁዎት፣ የመኪናው ተርቦ! እኔ ወናፍ የምለው ዕቃ ስሙ ለካ ተርቦ ነው። እሱ «የሲሳይ» ሲል ነፋሱ «የ»ን ወስዶ ቀሪውን ለኔ አደረሰልኝ። የሰዉ ሳቅ ድንኳኑን ሊያፈርሰው ነበር። እንዬ ሙሾዬን መልሺልኝ እያለች ሆዷን ይዛ ተንከባለለች። ለለቅሶ የመጣው ንፍሮ እዚያው ተበላ። ዛሬም ከቤተክርስቲያን ስወጣ፣ እማማ ጥሩዬ፣ ዛሬስ የተራበ የለም? ይሉኛል።

እኔም ስቄያለሁ። ሰው ሁሉ ሄዶ፣ የሆነው ሲነገረኝ ግን ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ያ ወናፍ የሞተው ዳገቱ አናት አካባቢ ነው፣ ቁልቁል ገደሉ በሚታይበት። ነጭ ጭስ ከኋላ ወጣ፣ ሞተሩ ጠፋ። ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑም ድንጋይ ይሆናል አሉኝ፣ ቢረግጡት እሺ አይልም። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሲሳይ መሪውን ጠምዝዞ ቂጧን ከተራራው ጋር አጋጨ፣ ይርጋ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። በወዲያኛው በኩል ቢጠመዝዝ ኖሮ፣ አያ ሞላ፣ የስልኩ ወሬ ስህተት አይሆንም ነበር።

ምን ገደለው ብዬ ይርጋን ወጥሬ ያዝሁት። ወናፉ በጣም ስለሚሽከረከር ዘይት ያለማቋረጥ መጠጣት አለበት። አዲሱ ትልቅ ነው፣ ዘይት የሚያመጣለትን ቱቦ ግን ያንኑ የአሮጌውን ቀጭን ቱቦ ተዉለት። ደርቆ ተጣበቀ። ትልቅ ሆድ ሰጥተህ ትንሽ ጉሮሮ ተውህለት ማለት ነው? አልሁት። አዎ እማማ አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ። ለካ እውነትም ተርቦ ነው የሞተው። ዘይት ተርቦ።

እንግዲህ ይተዋል ብዬ ነበር። አልተወም። ሽማግሌ ላክሁበት፣ የነፍስ አባታችንን ላክሁበት፣ ቁልፉንም ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደበቅሁበት፣ አገኘው። በመጨረሻ አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ እማዬ፣ እሷን ይዤ ካልወጣሁ፣ ቆሜ ከዋልሁ ደሞ ያኛው ተርቦ ይመጣል አለኝ። አየህ አንደበቱን? ያንተን ሳይሆን የኔን ነው የወረሰው። ቁልፉን እንደገና አልደበቅሁበትም።

ከልኳ ትንሽ ብቻ ከፍ የሚል ሌላ ወናፍ አስመጡ። ወፍራም ቱቦም አበጁለት፣ ፍሬኑንም አዩት። የመጀመሪያውን ሙከራ እኔ ሳልቀመጥባት አትሄድም አልሁ። የሚሞት ካለ አብረን እንሙት፣ እኔ ስልክ አልጠብቅም አልሁት። ወጣን። ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ፉጨት ስሰማ እጄ የሲሳይን ክንድ ጨምድዶ ይዟል፤ አይዞህ፣ ሳብ አድርግ፣ አይዞህ እላለሁ። ለማን እንደምል አሁን ነው የገባኝ። ላይ ስንደርስ ሞተሩን ወዲያው አላጠፋም፤ ወናፉ እንደጋለ ነው፣ ትንሽ ይረፍ አለኝ። ዓይኔን ገለጥሁ። እንዲህ ካረፈችማ፣ እሺ አልሁ። ግን አስማልሁት፤ ስትደውል መጀመሪያ በገዛ አፍህ አለሁ በል፣ ሌላ ሰው አታስደውል፣ ወሬው ከዚያ ይከተላል።

ቆይ፣ ስልኩ ጮኸ።

አለሁ አለኝ። አለሁ እማዬ፣ ጋሸና ገብቻለሁ። ሞተሩን አጠፋኸው እንዴ? አልሁት። ኧረ እያረፈች ነው አለኝ፣ ከኋላው ስትንተከተክ ይሰማኛል። በልተሃል? ስለው የተሳፋሪዎቹ ሳቅ መጣ። ይሳቁ።

መመለሱ ደሞ ይቀራል። ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል፣ ደመናም ከወዲያ በኩል እየከበደ ነው። ልቤ መቼም ቦታው አይገባም፣ እሱ ደጃፉን እስኪረግጥ። ይህ ፍርሃት እንግዲህ የዕለት ሥራዬ ሆኗል፣ ጠዋት ከሱ ጋር እነሳለሁ።

አያ ሞላ፣ አንተን ለማስታወስ ተዝካር አልጠብቅም። ስምህን ሲሳይ ለሚወልደው እነግራለሁ፣ በቅሎዋ ደክሟታል ትል እንደነበር እነግራለሁ፣ የደከመው ማን እንደነበር ግን ለማንም አልነግርም፤ እሱ የኔና ያንተ ነው። ዓይኔ እስኪከደን ከዚህ ቤት አትወጣም። ዛሬ ደሞ አንድ ነገር ልለምንህ፤ ሲሳይ እስኪገባ ድረስ እዚህ ደጃፍ ላይ አጠገቤ ቁጭ በል።

ጥሩዬህ