ይቅርብኝ ያልኩት ሾርባ

ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ
እሑድ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ ለሀረገወይን፣

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን ዛሬ ምግብ ቤት ገብቼ፣ በጣም ርቦኝ፣ ምሳ ሳልበላ ወጥቻለሁ። እንዴት እንደምነግርሽ ስላላወቅሁ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ እሺ ከማለት ሌላ ስለማይወጣኝ ነው። ጋሽ ወልደማርያም ረቡዕ ወደ አገር ቤት ይበራሉ። ደሴ እህታቸው ጋ ሲሄዱ ኮምቦልቻ ወርደው ይህን በእጅሽ ይሰጡሻል። አንቺ ስታነቢው እኔ ያሰብኩትን አድርጌ ጨርሻለሁ። ሆን ብዬ ነው እንዲህ ያደረግሁት።

ጋሽ ወልደማርያም ከእኛ በላይ ፎቅ የሚኖሩ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው እዚሁ ቀሩ። አባዬ ዚንድሊንገን ኬሚካል ፋብሪካ በፈረቃ ስለሚሠራ እሑድ እረፍት የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ዛሬ ደርሶት ነበርና ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «ጋሼ፣ ከመሄድዎ በፊት ምሳ ልጋብዝዎት» አላቸው።

የሄድነው ትራሙ የሚቆምበት ጥግ ያለች ትንሽ የፓስታ ሾርባ ቤት ነው። የጠረጴዛ ልብስ እንኳ የለም። መብያ እንጨቶቹ ቆርቆሮ ውስጥ ተሰክተው ይጠብቁሻል። ባለቤቷ ፍራው ታም፣ ወይዘሮ ታም ማለት ነው፣ ቬትናማዊት ናት፣ ባሏ ሄር ፓይክ፣ አቶ ፓይክ፣ ደግሞ ኮሪያዊ፤ ምግቡም እንደ እነሱ ተጋብቷል። ፎ የሚሉት የእሷ ነው፤ ብዙ ሰዓት የተቀቀለ የበሬ አጥንት ሾርባ ነጭ የሩዝ ፓስታ ላይ ይፈስና ስስ ሥጋና ቅጠላ ቅጠል ይጨመርበታል። ኪምቺ የሚሉት የእሱ ነው፤ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት ታሽቶ የኮመጠጠ ጎመን። በመስኮቱ ሄር ፓይክ ሊጥ ሲዳምጥ ይታያል። ዳምጦ፣ አጣጥፎ፣ በቢላዋ እንደ ክር ይቆርጠዋል። እኔ ዓይኔን ከእጁ ላይ መንቀል አቃተኝ። እንደምታውቂኝ ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ ሊጥ ግን አያስፈራኝም።

ቅዳሜና እሑድ እዚያ የምታስተናግደው የክፍሌ ልጅ ኣማል ናት። አባቷ ኤርትራዊ ሲሆኑ ድሮ በአማርኛ ነው የተማሩት፤ እሷም ከእሳቸው ትችላለች፤ ስትናደድ ግን ጀርመንኛው ይቀድማታል። ዛሬ ልትታዘዘን የመጣችው ግን ፍራው ታም ራሷ ናት። አባዬ ፎ አለ። ጋሽ ወልደማርያምም ፎ አሉና እንጨቶቹን አንስተው አዩዋቸው።

«በዚህ ልብላበት ወይስ ሹራብ ልሥራበት?»

ሹካ መጣላቸው። ከዚያ ፍራው ታም ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ?»

«አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኳት።

አልበላሁም ነበር። አንቺ ግን ታስታውሻለሽ፤ ትንሽ ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት ብዪ ሲሉኝ ወዲያው እሺ ብዬ እጄን ስሰድድ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጥሽኝ። ቤት ስንገባ «በመጀመሪያው እሺ ካልሽ ሆዳም ይሉሻል» አልሽኝ። «ይቅርብኝ በይ፣ በሞቴ ሲሉሽ ትበያለሽ።» ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያው እሺ ብዬ አላውቅም። ዛሬም ይቅርብኝ ብዬ በሞቴ እስክትለኝ ጠበቅሁ። ፍራው ታም ፈገግ ብላ ሁለት ፎ ጽፋ ሄደች።

ሁለቱ ጎድጓዳ ሳህኖች መጡ። እንፋሎታቸው ፊቴን መታኝ። አባዬ ምሳውን እያየ ይበላል፣ ጋሽ ወልደማርያም ስለ ሻንጣቸው ኪሎ ያወራሉ። ኪምቺውን ግን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሄር ፓይክ መጥቶ ዝም ብሎ ፊቴ አስቀመጠው። ስጨርሰው ባዶውን አንስቶ ሌላ አመጣ። እማዬ፣ ያን ጊዜ ኮሪያ ሰፈራችን መሰለችኝ! በባዶ ሆዴ ሦስት ሳህን ኪምቺ በላሁ። አፌ ነደደ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ኣማል በአጠገቤ ስታልፍ ጎንበስ አለች። «ኣንቺ፣ ሾርባሽስ?»

«በልቻለሁ።»

«መቼ? ትናንት?»

ሳቅሁ። ይሄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር።

ሳህኑ ሲነሣ ፍራው ታም ተመልሳ መጥታ እኔ አጠገብ ቆመች። የባሏን እጅ ስመለከት አይታኛለች። «ኣማል ነግራኛለች» አለችኝ ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ። «ትምህርትሽ በሐምሌ ያልቃል፣ አውስቢልዱንግ ግን አላገኘሽም። እኛ ጋ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቦታ አለ። ምግብ አብሳይነት። ትፈልጊያለሽ?»

አውስቢልዱንግ ማለት ደመወዝ እየተከፈለሽ ሙያ የምትማሪበት ነው፤ መጨረሻ ላይ ወረቀት ትይዣለሽ። ያለ እሱ እዚህ አገር ዕቃ ከማንሣት ሌላ ሥራ አይገኝም። በጦርነቱ ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ ሰባተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ነኝ። የዚህን አገር ክረምት በሙሉ ለስንት ቦታ አመለከትኩ! አብዛኞቹ መልስ እንኳ አልሰጡኝም። እስከ ዛሬ ራሱ መጥቶ ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

እኔስ ምን አልኩ? ጭኔ ላይ ያ ቁንጥጫሽ ተሰማኝና «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። በሆዴ ግን አንዴ ድገሚልኝ፣ አንዴ ብቻ ድገሚልኝ እላለሁ።

«ሻዴ» አለች። ያሳዝናል እንደ ማለት ነው። ጠረጴዛውን ጠርጋ ሄደች። ኣማል ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ አፏን ከፍታ ቀረች። አባዬ የሾርባውን ጭላጭ ጠጣ።

መንገድ ላይ ከዛፎቹ ሥር ስንሄድ አልቻልኩም። «አባዬ፣ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? አልፈልግም ያልሽው አንቺ።»

«ሁለተኛ ስትጠይቀኝ እሺ ልል ነበር እኮ!»

ጋሽ ወልደማርያም ከት ብለው ሳቁ። «እኔም የመጣሁ ሰሞን ጀርመኖች እራት ጠርተውኝ ይቅርብኝ ብል ድስቱን አነሡት! ማታ ክፍሌ ገብቼ ደረቅ ዳቦ በላሁ። ልጄ፣ እነሱ ሲከባበሩ እንዲህ ነው። አልፈልግም ካልሻቸው ያምኑሻል።»

እሳቸው ደረጃውን ወጡ። እኔና አባዬ በራችን ላይ ቀረን። ቁልፉን ይዟል፣ ግን አይከፍትም።

«እነሱስ አያውቁም» አልኩት። በሕይወቴ እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። «አንተ ግን የኮምቦልቻ ሰው ነህ። ታውቃለህ።»

«አውቅ ነበር» አለ። በሩን እያየ፣ «እናትሽንም የጠየቅኋት አንዴ ነው። ሥራ ልገባ እየሮጥኩ ነበር። ነይ አልኳት፣ ይቅርብኝ አለች። አልፈለገችም ብዬ ስልኩን ዘጋሁት» አለኝ።

እማዬ፣ ያን ቀን እኔም ነበርኩ። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ግን አስታውሳለሁ። መስኮቱ አጠገብ ቆመሽ «እኔ ደግሞ በሰው አገር ምን ይሠራልኛል፣ ይቅርብኝ» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ከጆሮሽ አላነሣሽም። አታወሪም፣ ግን አላነሣሽውም። በሳምንቱ ያን ቡናማ ሻንጣ ገዝተሽ ገባሽ። ለምንድን ነው ስልሽ «ረክሶ ስላገኘሁት» አልሽኝ። አባትሽ ረሳን እያልሽ ስታሳድጊኝ ሻንጣው ከነላስቲኩ አልጋ ሥር ነበር። ላስቲኩን የቀደድኩት እኔ ነኝ፣ ወደዚህ ስመጣ።

አልወቅስሽም። አንቺንም እንዲሁ ቆንጥጠው አሳድገውሽ ይሆናል። እኔ ግን ከእንግዲህ ይቅርብኝ አልልም። የምፈልገውን እፈልጋለሁ እላለሁ፤ ሆዳም የሚለኝ ይበለኝ። «ወጥ ቤት እንድትገቢ ነው ጀርመን የላክሁሽ?» እንደምትዪኝም አውቃለሁ። ነርስ እንድሆንልሽ ትፈልጊያለሽ። እኔ ደም ሳይ ያዞረኛል። የሄር ፓይክን እጅ ሳይ ግን፣ እማዬ፣ የኔ እጅ ብቻውን ጠረጴዛው ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ተቆጪ። ብትቆጪም እሄዳለሁ።

አባዬ አሁን ሻይ አምጥቶልኝ ነበር። ለማን እንደምጽፍ አውቋል። ሰላም በያት አላለኝም፣ ግን ሻዩን አስቀምጦም አልሄደም፤ በሩ ላይ ቆመ። ሌላ ሴት የለችውም። ጠይቀሽኝ ስለማታውቂ ነግሬሽ አላውቅም። ስለ ሻንጣው ምንም አልነገርኩትም። እሱን የምትነግሪው አንቺ ነሽ። አልነግረውም ካልሽ ግን እኔ እነግረዋለሁ።

አሁን ደግሞ ልጠይቅሽ። የራሴን ደመወዝ ስይዝ፣ እዚህ ትመጪያለሽ?

ይቅርብኝ አልሽ፤ ሰማሁሽ።

እሺ፣ ሁለተኛ ልጠይቅሽ። ትመጪያለሽ? በሞቴ!

መልስሽን በጋሽ ወልደማርያም ላኪልኝ። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ፣ እንድንተያይ ዕድሜ ይስጠን። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ፀሎት ዓይን አወጣች ካሉሽም አዎ በያቸው።

ከሰዓት ኣማል መልእክት ልካልኝ ነበር። «ማክሰኞ አንድ ልጅ ለሙከራ ይመጣል። ቦታው ለእሱ ነው፣ ካልተንቀሳቀስሽ» ይላል። ከሥሩ በጀርመንኛ የሰደበችኝን ለአንቺ አልጽፈውም። ነገ ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው፣ እነ ፍራው ታም ግን ለማክሰኞ አጥንት ለመጣድ ከጠዋት ጀምሮ ማድቤት ናቸው አለችኝ። ነገ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት በጓሮ በር አንኳኳለሁ። አባዬ ልከተልሽ ብሎኝ ነበር፤ አይሆንም አልኩት። በሩ ሲከፈት ማንም ሳይጠይቀኝ «ቦታውን እፈልጋለሁ» እላለሁ። አይሆንም ካለችኝ እኔው ሁለተኛ እጠይቃታለሁ። ሾርባ ትጠጪያለሽ ካለችኝ ደግሞ በመጀመሪያው እሺ እላለሁ።

ልጅሽ ፀሎት ገናናው