የፀጉር ቤቱ እሑዶች

ኅዳር 3

ሥራ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። ሁለት ሴቶች አጠብኩ፣ አንዷን ተኮስኩ። ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ብቅ አለች። ለበጎ ፈቃድ ዘማቾቹ ጃኬት ልትሰፋ ተነስታለች፤ ጨርቅ መግዣ ግን የላትም። «እሑድ እሑድ ፀጉር ቤቱን ክፈቺና ገቢው ለጨርቅ ይሁን» አለችኝ። እሺ አልኳት። ወንድሜስ እዚያው ግንባር ብርድ ውስጥ አይደል?

ለአባዬ ግን እንዴት ብዬ ልንገረው... ወንድሜ ሳያማክረው ከዘመተ ወዲህ የጦርነት ወሬ ሲነሳ ጥሎን ይወጣል። ልጁ ሲደውልም አያናግረውም።

ኅዳር 4

ነገርኩት። «ቤቱ የራስሽ ነው» አለና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ሴቶች ብቻ የሚመጡ መስሎኝ... የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተሰልፎ ጠበቀኝ። ፀጉሩን በቶንዶስ እንደምንም ተወጣሁት። ፂም ላይ ግን ጉድ ፈላ። የዳቦ ቤቱን ባለቤት አገጭ ቧጨርኩት። «ግድ የለም፣ ገንዘብም ደምም ለገስኩ» ብሎ አሳቀን።

አባዬ ለካ በር ላይ ቆሞ ያያል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፂም ሲላጭ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው፣ እንዴት ይቻለው? «ምላጩን ወዲህ በይ። የሰው ፊት ድንች አይደለም» አለኝ። እስክንዘጋ አልተቀመጠም።

ኅዳር 16፣ እሑድ

ለእረፍት የመጣ አንድ ዘማች ገባ። ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል። አባዬ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሮ ፊቱ ላይ አቆየለት።

«ስትሄድ እናትህ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም አባባ። ብነግራት መች ትለቀኛለች?»

«ታዲያ አላኮረፈችህም?»

«አኩርፋ ነበር። ትናንት በሩን ስከፍት ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ በልተህ እንደሆነ ነው።»

አባዬ ምላጩን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ቀኝ ጉንጩን ጀመረለት።

ኅዳር 28

ጃኬቶቹ ተጫኑ። ልብስ ሰፊዋ ጣቶቿ አብጠዋል፣ ግን ትስቃለች። አባዬ ሳጥኖቹን ከሹፌሩ ጋር ተሸከመ። ተው ብንለው መች ሰምቶን።

ታኅሣሥ 6

ወንድሜ ደወለ። ጃኬቱ ደርሶታል። «እጅጌው ረዘመብኝ፣ ግን ሞቆኛል» አለኝ። አባዬ አጠገቤ ነበር፤ እጁን ዘረጋ። ስልኩን ሰጠሁት። ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ፂምህን ማነው የሚላጭልህ?»

የወንድሜ መልስ አልተሰማኝም። አባዬ ግን ሳቀ። «በደረቁ? አብደሃል እንዴ? መጀመሪያ በሙቅ ውሃ...»

ተነስቼ ወጣሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ። ይኸው ይህን ስጽፍ እንኳ ወሬያቸውን አልጨረሱም።