ከመስቀያው ግንድ ላይ ቦታ ስለተነፈገው አጋዘኔ

ግዳይ ጣልኩ! በሃያ ሦስት ዓመት የአደን ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በገዛ ጠመንጃዬ፣ በገዛ መሬቴ፣ በአንድ ጥይት፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ በግራ ሁለት በቀኝ ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ጫፍ ያለው ቀንድ የተሸከመ ወንድ አጋዘን ጥያለሁ! ባለቤቴ ሌስ ከትከሻዬ በላይ እያነበበ «ሰላምታ ይቅደም እንጂ ሴትዮ፣ ደብዳቤ እኮ ነው የምትጽፊው» ስላለኝ፣ አሁን ወደ ሰላምታዬ እመለሳለሁ።

ለተከበሩ አቶ ዱዌን ፔልኪ፣ የስፕሩስ ቤንድ አዳኞች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የአጋዘን መስቀያው ግንድ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም ባለፈው እሑድ እንደተረዳሁት በዚህ አካባቢ የሚንቀሳቀሰው ቀንዳም ሁሉ አሳዳጊና ሞግዚት፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ደረጃ መውጣቱን ቻለልዎት? የአደን ማማዎ ውስጥ ያስገቡት የጋዝ ማሞቂያና ያ የሚሽከረከር ወንበር እንደተመኙት ሆነልዎት? እኔ የእንጨት ማማዬ ላይ በተገለበጠ ባልዲ ተቀምጬ፣ የእግሬን ጣቶች አሉ የሉም እያልኩ ስቆጥር፣ ቢያንስ ሊቀመንበራችን ሞቋቸዋል ብዬ እጽናናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስል ደግሞ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ በር ያንኳኳውን ሁሉ፣ ፖስተኛውንም ጭምር፣ እጁን ይዤ ወደ ጎተራው እየወሰድኩ የተሰቀለውን አጋዘኔን አሳያለሁ። ፖስተኛው ሁለት ጊዜ አይቶታል።

ሦስት ጊዜ ደውዬልዎ ስልኩን ስላላነሱት፣ ይህ ደብዳቤ በሳምንታዊው ጋዜጣችን ላይ እንዲወጣና በግሮሰሪው በር ላይ እንዲለጠፍ ማድረጌን በትሕትና አሳውቃለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ሰው ሲወቅስ የራሱንም ጉድ ቢያወጣ ደግ ነውና። ባለቤትዎን ወይዘሮ ጌይልን ለአሥራ ስምንት ዓመት ስቀናባት ኖሬያለሁ። ቀላል ቅናት እንዳይመስልዎ። በየዓመቱ ኖቬምበር አሥራ አምስት፣ አደኑ በሚከፈትበት ቀን፣ መንደሩ ሁሉ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ፊት ለፊት ወጥቶ ግንዱ ላይ የሚሰቀሉትን አጋዘኖች ሲቆጥር፣ እኔ ከሾርባው ጠረጴዛ ኋላ ጭልፋ ይዤ እቆማለሁ፣ እሷ ከግንዱ ሥር ቀንድ ይዛ ትቆማለች። ብርቱካንማ ቆቧ እንኳ ፀጉሯን አያበላሽባትም! ባለ አሥራ ሁለት ጫፉን የጣለች ዓመት ፎቶዋ በጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ ሲወጣ፣ ከትከሻዋ በስተኋላ አንድ ክንድ ይታያል። ያ ክንድ የእኔ ነው፤ ጭልፋ የያዘው። ያን ቀን ማታ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ትልቅ ሚስማር መታሁ። የእኔም ቀንድ ይሰቀልበታል ብዬ። እስከ ዛሬ የተሰቀለበት የሌስ የጎማ ሱቅ ካላንደር ነው።

እንግዲህ እንዲህ አንጀቷ ሲያርር የኖረች ሴት፣ ቅዳሜ ዕለት ምን እንደተሰማት ይገምቱልኝ፤ እኔም ወደ ቅሬታዎቼ ልሻገር።

አንደኛ። ቅዳሜ ቀትር ላይ እኔና ሌስ አጋዘኑን ፒክአፑ ላይ ጭነን፣ ጥሩምባ እያስጮህን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሰው አይቶ እንዲጠግብ ቀስ እያልን፣ መስቀያው ግንድ ዘንድ ደረስን። እርስዎም በታላቅ ጨዋነት ሜትር ይዘው ወጡ። ሜትሩን ግን አልዘረጉትም፤ ገና ከሩቅ ሲያዩት ወደ ኪስዎ መለሱት።

«ሮንዳ፣ ይሄ እኮ ገና ልጅ ነው» አሉኝ። «ስምንት ጫፍ ያልሞላ ዘንድሮ አይሰቀልም። በስብሰባ ወስነናል።»

«በየትኛው ስብሰባ?»

«አንቺ ወጥ ቤት የነበርሽ ጊዜ የተደረገው ነዋ።»

ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። የሚሺጋን የአደን ሕግ መጽሐፍ ሦስት ኢንች ቀንድ ይበቃል እንደሚልና የእኔው አምስት ተኩል እንደሚሆን ባስረዳሁዎት ጊዜም፣ «ሕግ ሌላ፣ ሥነ ምግባር ሌላ» ብለው አስተማሩኝ። ከኋላ ተሰልፎ የነበረ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ከሚሺጋን ደቡብ ከተሞች የመጣ አንድ እንግዳ «ፍየል ነው እንዴ የጫኑት?» ብሎ ሲያስቅብኝ ዝም ማለትዎንም የሥነ ምግባሩ አካል አድርጌ ወስጄዋለሁ። አባቴ በዚያው ግንድ ላይ አንድም ቅርንጫፍ የሌለው፣ እንደ ጣት የቀጠነ ቀንድ ያለው አጋዘን ሰቅሎ፣ የእርስዎ አባት «እሰይ፣ ክረምቱን ተሻገራችሁ!» ብለው ትከሻውን ሲመቱት አይቻለሁ። ያኔ ሜትር ይዞ የሚመጣ አልነበረም። ፒክአፓችንን አዙረን ስንመለስ ጥሩምባውን አላስጮህነውም።

ሁለተኛ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የፎቶ አልበም በብብትዎ ይዘው ግቢዬ ድረስ ስለመጡልኝ ክብር ተሰምቶኛል። ይቅርታ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ቡና ላፈላ ተነሥቼ ነበር። እርስዎ ግን ጎተራው በር ላይ ቆመው፣ አልበሙን ገልጠው፣ ቀንዱን ከፎቶው ጋር እያስተያዩ፣ «ባሮን ነው! ወይኔ፣ ባሮንን ገደልሽው!» ብለው ጮኹ።

ለማያውቁት አንባቢዎች ላስረዳ፤ ክቡር ሊቀመንበሩ ከዛፍ ጋር ባሰሯቸው ካሜራዎች የሚያልፈውን አጋዘን ሁሉ ፎቶ ያነሣሉ፣ ስም ያወጡለታል፣ ዕድሜውን ይገምታሉ፣ መቼ መሞት እንዳለበትም በእርሳስ ይጽፋሉ። ከባሮን ፎቶ ሥር «ከሦስት ዓመት በኋላ» የሚል ተጽፎ በዓይኔ አይቻለሁ። ማለትም፣ አቶ ዱዌን፣ ያን ዕለት እንባ ያቀረሩት አጋዘኑ ስለ ሞተ ሳይሆን በእርስዎ እጅ ስላልሞተ ነው። ያም ሆኖ ሐዘን ሐዘን ነውና ለቅሶ ልደርስዎ አስቤ ነበር። የከለከለኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ባሮንዎ በጋውን ሙሉ አጥሬን እየዘለለ ጎመኔንና ፖሜን ሲያወድም፣ «የእኔ ልጅ ነው፣ ካሣ ልክፈልሽ» ብሎ የመጣ ሰው ለምን አልነበረም? ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ስለ ላም ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ለአጋዘንም ይሠራል።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ያ ሥነ ምግባር የሚሉት ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ስል ይታገሡኝ። የሚሉት ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። ጎረምሳው ሁሉ ገና ቀንድ እንዳበቀለ ከተመታ ሽማግሌ አጋዘን ከየት ይመጣል ማለትዎ እውነት አለው። አራት ጊዜ ሊተኩሱበት ሲችሉ «ይደግ» ብለው ያሳለፉትን ባለ አሥር ጫፉንም አልረሳሁም። ትዕግሥትዎን አደነቅሁ። በአምስተኛው ሳምንት ግንድ የጫነ መኪና አውራ ጎዳናው ላይ ደመሰሰው እንጂ። ደግሞም ወይዘሮ ጌይል በአንደበቷ እንደነገረችኝ፣ የዚያ የባለ አሥራ ሁለት ጫፉ ሥጋ ከሽምግልናው የተነሣ እንደ ጎማ ሆኖ ግማሹን የበላው ውሻችሁ ነው። አጎቴ ኤይኖ በሰማንያ ስድስት ዓመቱ ይህን ሲሰማ ሳውናው ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ «ይኸውልሽ ልጄ፣ በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ቀንድ ተቀቅሎ ሲበላ ግን አላየሁም» አለኝ።

ሌስ እንጨት መሰንጠቂያው ከተዘጋ ከነሐሴ ጀምሮ ቤት ነው። ዲፕ ፍሪዘራችን እስከ ቅዳሜ ድረስ በረዶና አንድ ከረጢት አተር ብቻ ነበር የያዘው። አሁን ግን ይሄ ልጅ ነው የተባለው፣ ፍየል ነው የተባለው አጋዘን፣ እስከ መጋቢት ያደርሰናል።

ደግሞም እውነቱን ልጨርሰው። ትልቁ ቀድሞ ቢወጣልኝ ኖሮ ትልቁን እመታ ነበር። ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅዬው፣ ወይዘሮ ጌይልን ሻይ ጠርቼ፣ በትይዩው ወንበር ላይ አስቀምጫት ነበር። ስለዚህ እኔ ከእርስዎ የጸዳሁ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም። የወጣልኝ ግን ይህኛው ነው። ከጥዱ መካከል ወጥቶ ቆመ፣ ትንፋሹ ይጨስ ነበር፤ አነጣጥሬ ተኮስኩ። ከወደቀ በኋላ አጠገቡ ተንበርክኬ እጄን አንገቱ ላይ ሳሳርፍ ገና ሙቀት ነበረው። «ይቅር በለኝ፤ ደግሞም አመሰግንሃለሁ» አልኩት፤ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሣቅሁ፣ ከዚያ ለሌስ ደወልኩ። ጫፍ አልቆጠርኩም። መቁጠር እንዳለብኝ ያስታወስኩት እርስዎን ሳገኝ ነው።

አራተኛውን ሌስ አትጻፊው ስላለኝ ትቼዋለሁ፤ የጋዝ ማሞቂያው ከማኅበሩ መጋዘን መውጣቱን የሚመለከት ነበር።

አምስተኛ፣ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና። የእኔን አጋዘን መልሰው ባይሰዱት ኖሮ፣ ዘንድሮ በእርስዎ ሜትር የተመለሱት ስንት እንደሆኑ አላውቅም ነበር። የአውቶቡስ ሹፌሯ ዊላ ተመልሳለች። ነርሱ ካርል ተመልሷል። በጠቅላላው አሥራ አንድ ነን፤ ከቅዳሜ ወዲህ ሁሉም ደውለውልኛል። በእርስዎ ግንድ ላይ የተሰቀሉት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ የእርስዎና የወንድምዎ። ውብ ናቸው፣ በእውነት፤ ዛሬም በዚያ ሳልፍ መኪናዬን አቁሜ አየኋቸውና እንደ ልማዴ ቀናሁ። ግን በዚያ ረጅም ግንድ ላይ ሦስት አጋዘን ብቻ ሲወዛወዝ፣ ሰው ሳይመጣለት የቀረ ድግስ ይመስላል።

በዚህ አጋጣሚ ማኅበሩ ደንቡን እንዲለውጥልኝ አልለምንም። ሌስ በግቢያችን ካሉት ሁለት በርች ዛፎች መካከል ወፍራም አግዳሚ አስሯል፤ አሥራ አንድም፣ ሃያም ይችላል። ሕጉ የፈቀደው ሁሉ ይሰቀልበታል። ሜትር ይዞ መምጣት አይቻልም።

ለሥልጣንዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጉልበትዎ ፈጣን ፈውስ፣ ለአልበምዎ አዳዲስ ገጾች እየተመኘሁ፣ በሐዘንዎ ጊዜ ሳላጽናናዎት በመቅረቴም በድጋሚ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

አክባሪዎ፣ የጎመን አብቃይዎ፣ የባሮንዎ ገዳይ፣

ወይዘሮ ሮንዳ ኮስኬላ

ተጨማሪ፦ ይህን ለመጻፍ ከወይዘሮ ጌይል ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ እንዲያውም «አንቺው ንገሪልኝ፣ እኔ ፊቱን ማየት አልችልም» ብላኛለች። ሰኞ ረፋድ እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ፣ ባለቤትዎ ከቤታችሁ ኋላ ባለ አራት ጫፍ ጥላለች። አልበሙ ውስጥ ስሙ «ዳኛው» የሚባለው ነው አሉ። ዕድሜ ለእርስዎ ደንብ፣ በእናንተ ግንድ ላይ ስለማይሰቀል፣ እኔ ጋ ልስቀል ብላ ለመነችኝ፤ «ሮንዳዬ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እሱ ያለውን ስጠብቅ በብርድ ደረቅሁ፤ እንደ ሰኞ ተደስቼ አላውቅም» አለችኝ። አቅፌያት አብረን አልቅሰናል። ከዚያ ሁለቱን ቀንዶች ጎን ለጎን ስናያቸው የእሷ ከእኔው በአንድ ጣት ይሰፋል። በአንድ ጣት! ከሰኞ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል። ግድ የለም፣ ከጎኔ ትሰቅላለች፤ እርስዎም ቢሆኑ በሩ አይዘጋብዎትም። ሥጋውና ድንቹ በሊጥ ተጠቅልሎ ይጋገራል፣ ሳውናው ይሞቃል፣ አጎቴ ኤይኖ አኮርዲዮኑን ያወጣል። ትልቅ ቀንድ ያለውም፣ ትንሽ ያለውም፣ ምንም ያልቀናውም፣ የስፕሩስ ቤንድ ሰው ሁሉ እኛ ግቢ የሚመጣው የፊታችን ቅዳሜ፣ ኖቬምበር ሃያ ሁለት፣ እኩለ ቀን ላይ ነው።