የሳውናው ቁልፍ እኔ ጋ ነው

ታርሞ፣

እህቴ ጋ ሄጃለሁ። እዚያ ውሃ አለ።

የኛ ጉድጓድ ደርቋል። ቅዳሜ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ሳውናው፣ ካልተሞቀ ፊንላንድ ትፈርሳለች ብለህ፣ የቀረችንን ውሃ የጋለ ድንጋይ ላይ ደፋሃት። ውጭው ራሱ ሳውና ሆኖ ሳለ። ስለዚህ ቁልፉን ይዤዋለሁ፣ ይቅርታ።

የሚጠጣ ውሃ ጎረቤታችን ኡርፖ ይሰጥሃል፤ ባልዲ ይዘህ ሂድ። ሣሩን ተወው፣ ሞቷል።

እናትህ የተከለችውን የቤሪ ፍሬ ቁጥቋጦ ግን አደራ። ሰፈሩ ሁሉ ሲደርቅ ቁጥቋጦዋ ብቻ ለምን እንደለመለመች ጠይቀህ አታውቅም። የምታጠብበትን ውሃ፣ ሳልታጠብበት፣ እሷ ስር ነበር የማፈሰው።

እሁድ እንግዶቹ ፊት «ምንድን ነው የሚሸተው?» እያልክ ስትፈልገው የነበረው እኔ ነበርኩ።

ፍሬው ደርሷል። ብላ።

ሂልካ